በስንጥቁ ላይ የተለጠፈ መስታወት

ዛሬ ግድግዳው ሊፈርስ ነው።

ግንበኞቹ ገና በጠዋቱ ዲጂኖአቸውን ተሸክመው በራፍ ላይ ቆመዋል። ወንድሜ ከዘራውን ይዞ ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሳሎን ይመላለሳል። ልጁ አናጢው ከነጋ ጀምሮ አንዲት ሳንቃ ይልጋል፤ ሳንቃዋ አልቃ ወረቀት ልትሆን ምንም አልቀራትም፣ እሱ ግን መላጉን አልተወም። እኔም ብሆን ወንበሩ እሾህ ያበቀለብኝ ይመስል ቁጭ ብድግ ስል ነው ያረፈድኩት። አንድ ቤት ውስጥ ያለን ሦስት ሰዎች ነን፣ ሦስታችንም የምንሸሸው ነገር አለ፤ የምንሸሽበት ጓሮ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ እየተጋጨን አረፈድን።

ያለፉትን ሳምንታት ጽሑፌን ያላነበባችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። ግን እንግዳን በር ላይ አቁሜ አላውቅም፤ ግቡና ከመጀመሪያው ስሙ።

ቤቱ የአባታችን ነው። ድንጋዩን ከወንዝ እያጋዘ፣ ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ ገንብቶ ነው ያቆመው። ወንድሜ ተወለደበት፣ አገባበት፣ የሚስቱን አስከሬን ከኋለኛው ክፍል አወጣበት። አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። ከተማ ሴት ልጁ ዘንድ፣ ሐኪም ቤት አጠገብ ልኑር አለና ቤቱን ለሽያጭ አቀረበ። ገዢም ተገኘ፤ ጡረታ የወጣ ባለ መድኃኒት ቤት ነው፣ ከነሚስቱ የመንደር ጸጥታ አምሯቸዋል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የብልቃጥ ጽሑፍ ሲያነብ የኖረ ጠንቃቃ ነውና "አሮጌ ቤት ሳላስመረምር አልገዛም" አለ።

"ቤቴ ምን አመመውና ነው የሚመረመረው?" አለ ወንድሜ፣ ሲጋል።

"አንተስ ታመህ መቼ ተመረመርክ?" አልኩት። "ጉልበትህ እንዲህ ሆኖ የቀረው በዚሁ ትዕቢትህ አይደል?"

መርማሪ ይመጣል ተብሎ ጢማም ሰውዬ ስንጠብቅ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ፣ የቆዳ ቦርሳ ያነገተች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ ከአውቶቡስ ወረደች። መሐንዲስ ናት። ቤቱን እንደ በሽተኛ ነው የያዘችው። ግድግዳውን በትንሽ መዶሻ እያንኳኳች ጆሮዋን ትደቅናለች። የጣራውን ወራጅ ጫፍ በወስፌ ትወጋለች፤ ምስጥ የበላው ከሆነ ወስፌው ሰተት ብሎ ይገባል። የወለሉን ጣውላ አስነሥታ ከሥር በባትሪ ታያለች፣ ኮርኒስ ላይ ወጥታ የሸረሪት ድር ተከናንባ ትወርዳለች። እኔ በዕድሜዬ ስንት ልጃገረድ ስትታጭ አይቻለሁ፤ ሙሽራ እንኳ እንዲያ አልተመረመረችም።

በኋለኛው ክፍል ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ጣራው የሚሄድ ስንጥቅ አለ። እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ ኖራ እየቀባን እንረሳዋለን። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አወጣችና ስንጥቁን አሻግራ ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ለጠፈችው።

"እማማ፣" አለችኝ፣ "ስንጥቅ የተኛ አለ፣ የነቃ አለ። ይሄ የነቃ ከሆነ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ መስታወቱን ይሰብረዋል። የተኛ ከሆነ መስታወቱ እንዳለ ይቆያል። እስኪለይልኝ ድረስ እየመጣሁ አያለሁ።"

እየመጣችም አየች። ክፋቱ፣ ያየችው መስታወቱን ብቻ አልነበረም።

የወንድሜ ልጅ፣ አናጢው፣ መሰላል ይይዝላት ነበር። ይሄ ልጅ ሰው ሲያይ አፉ በመርፌ የተሰፋ ይመስላል፤ ከእንጨት ጋር ብቻውን ሲሆን ግን ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። "ግንድ" እያልኩ የምጠራው በፍቅር ነው፣ በእውነትም ነው። እሷ መሰላሉ ላይ ሳለች ቀና ብሎ አያይም፤ ጨዋ ነው። ወርዳ እግሯ መሬት ሲነካ ግን መሰላሉን መልቀቅ ይረሳል። እሷም ወርዳ መሄዱን ትረሳለች። እዚያው አንዱ በዚህ አንዷ በዚያ ግራና ቀኙን ይዘው ይቀራሉ።

"መሰላሉ እንዳይወድቅ ነው ወይስ እናንተ?" ብላቸው ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

አንድ ጊዜ የመዶሻዋ እጀታ መሰንጠቁን አየና በሚቀጥለው መምጣቷ አዲስ እጀታ ጠርቦ፣ አለስልሶ አቀበላት። "ምን ልክፈልዎት?" ብትለው የሰደበችው ይመስል ተነሥቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ግንድ ነው።

እሷ የዳኛ ልጅ ናት፣ ከተማ ያደገች፣ መጽሐፍ የጠገበች። እሱ የመንደር አናጢ ነው። ወንድሜ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ቀን ራት ላይ "የአባቴን ግንብ በወስፌ የወጋች ልጅ ለልጄ አትሆንም!" ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ጉዳዩ ቀድሞ ገብቶታል ማለት ነው።

ታዲያ አንዱን ቀን መሐንዲሷ ቦርሳዋን እየዘጋች "በሚቀጥለው መስታወቱ ደኅና ሆኖ ካገኘሁት ስንጥቁ የተኛ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም፤ እዚህ ያለኝ ሥራ አለቀ ማለት ነው" አለች። ስትናገር የምታየው እኔን አልነበረም። ልጁን ነበር። እሱ ደግሞ መሬት መሬት ያያል፤ የጠፋበት ምስማር ያለ ይመስል።

በሚቀጥለው ስትመጣ መስታወቱ ተሰብሯል።

ጻፈች። ግድግዳው ይንቀሳቀሳል አለች። ገዢው እግሬ አውጪኝ አለ። ወንድሜ ከሚስቱ ጋር ከኖረበት ክፍል፣ "ከዚህ ግድግዳ ሥር ማንም እንዳይተኛ" ተብሎ፣ አልጋው ባዶ ቀርቶ ሳሎን ሶፋ ላይ ወደቀ። "ቤት አፍራሽ!" ብሎ ፊት ለፊቷ ሰደባት። እሷም ቻለችው። በመጨረሻ ሌላ ገዢ እስኪገኝ የኋለኛው ግድግዳ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ ተባለ፤ አፈራረሱን ለማሳየትም እሷው ትምጣ ተባለ።

ይኸው ዛሬ ነው።

*

አውቶቡሱ ሲመጣ በራፍ ላይ ጠበቅኋት። ከስታለች። ፀጉሯን ጠቅልላ ያሰረችው በጥድፊያ ነው፣ አንዱ ወገን ተፈቷል።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ። ጋሼ እንዴት ናቸው?"

"ሶፋው ወገቡን በልቶታል። አፉ ግን ጤነኛ ነው፣ አትስጊ።"

ልትስቅ ሞከረች፤ ተወችው።

"ጠልተውኛል አይደል?"

"እሱ መውደዱንም መጥላቱንም የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነው፤ ተይው።" ጠጋ አልኳት። "ሌላውንስ አትጠይቂም?"

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። እንደገና መለሰችው።

"ሌላውን ምን ብዬ ልጠይቅ? አንድ ቀን አንድ ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም። እኔ እንጀራዬ ማየት ነው እማማ፤ ድንጋይ ሳይናገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ሳየው አንድ ነገር ያየሁ ይመስለኛል። አውቶቡስ ላይ ስወጣ፣ የለም፣ አላየሁም እላለሁ። ቤቴ ስገባ አይቻለሁ እላለሁ። እንዲህ ስል እንቅልፍ አጣሁ።"

"እሱም ሳንቃ ጨረሰ።"

"ምን አሉኝ?"

"ግቢ ነው ያልኩሽ።"

ከጓሮ የመላጊያው ድምፅ ቆመ። ድምፅዋን ሰምቶ ነው። ለካ ያ ሁሉ ጠዋት ሲያናድደኝ ያረፈደው ድምፅ ደግ ኖሯል፤ ያወቅሁት ሲቆም ነው።

*

የኋለኛው ክፍል ዕቃው ወጥቶ አልጋው ብቻ ቀርቷል። ወንድሜ ፍራሽ በሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ ደራርቧል። ግንበኞቹ ጣራው እንዳይወርድ ምሰሶ አስደግፈዋል። አለቃቸው፣ በሙያው ያረጀ ቀልደኛ ሰው፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄን የገነባው ሰው እንዲፈርስለት አልፈለገም። ጎረምሳ ሆኖ ነው መሰል የገነባው፤ አንዱን ድንጋይ ለማውጣት እኛ ስንት ጊዜ እንደምንማል!"

"አባቴ ነው" አለ ወንድሜ። ከዚያ ለግድግዳው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይቅር በለኝ" አለው።

ሃምሳ ዓመት ስጨቃጨቀው የኖርኩት ወንድሜ አንጀቴን በላው። መሐንዲሷም ፊቷን አዞረች። መዶሻዋን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። አናጢው በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም፣ አልወጣም።

"ከላይ ጀምሩ" አለች ልጅቷ። "በቀስታ። ከመስኮቱ በላይ ካለው ድንጋይ።"

አለቃው ዲጂኖውን አነሣ።

"ተው።"

ማን እንደተናገረ ማንም አላወቀም። አለቃው ዞሮ እኔን አየኝ፤ በዚያ ቤት ያለጊዜው የምናገር እኔ ስለሆንኩ ነው።

"ተው አልኩህ!" አለ አናጢው። ገብቶ በዲጂኖውና በግድግዳው መሃል ቆመ። ጀርባውን ለስንጥቁ ሰጠ።  "ግድግዳው ምንም አልሆነም። መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

አለቃው ዲጂኖውን አወረደ። ውጭ የጎረቤት ዶሮ ስታስካካ ይሰማል።

"ምን አልክ?" አለ ወንድሜ።

"በመዶሻ መታሁት አባባ። እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

ልጁ አባቱን አላየም። እሷን አያት። እስከዛሬ "እርስዎ" ሲላት የኖረ ልጅ፣ ከማየት ይልቅ መጮህ በሚመስል ዓይን አያትና "ደኅና ከሆነ አልመጣም አልሽ" አለ።

ከግንበኞቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ባይኔ ገላመጥኩት፤ ሳቁን ዋጠው።

ወንድሜ ተነሣ። ከዘራው ወደ ላይ ወጣ፣ እዚያው ቆየ፣ ወረደ። "እኔን ከእናትህ ክፍል አስነሥተህ... የአባቴን ግንብ ልታስንድ... ይቺ ልጅ ተመልሳ እንድትመጣ ብለህ?"

"አዎ አባባ።"

እንዲያ ብሎ አንድ ቃል ብቻ። ሰበብ አልፈለገም፣ አላለቀሰም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በአንድ ልቤ ልመታው ፈለግሁ፣ በሌላው ልስመው።

የመሐንዲሷ ፊት ደም የለውም። ቀረብ አለችው።

"ከመምታትህ በፊት መስታወቱ ደኅና ነበር?"

"ደኅና ነበር።"

"ፀጉር የምታህል መሥመር አልነበረችበትም?"

"አልነበረችም።"

"የማንን ቃል ልመን?" አለች።

  መልስ አልጠበቀችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ሌላ የመስታወት ቁራጭ አወጣች፣ ከግንበኞቹ ጀሶ ተቀብላ በጥብጣ፣ ስንጥቁን ጠርጋ ለጠፈችው። ሁለት ጊዜ ተጣመመባት። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ያያል፣ አንድ የሚረዳት የለም፤ እንዳይነካት ሁሉም ፈርቷል።

ስትጨርስ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ጋሼ፣ ግድግዳው አይፈርስም። እዚህ ክፍል ግን አሁንም አይተኙም፤ እንደገና መጠበቅ አለብን። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ?" አለ ወንድሜ። "ልጄ" ሲላት የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

"አጥፍቻለሁ" አለችና ወጣች። እንባዋን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የት እንደሚፈልጉት ስለማውቅ ነው።

*

"ምን ትጎለታለህ?" አልኩት ልጁን። "ሂድ!"

"ምን እላታለሁ አክስቴ?"

"መስታወት ስትሰብር ማንን አማከርክ? ሂድ አንተ ግንድ!"

ሄደ። እኔም ነጠላዬን ጎትቼ ተከተልኩ። እዚህ ላይ "አሮጊቷ ምን ጥልቅ አደረጋት" የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ባልሄድ እናንተ ምን ታነቡ ነበር?

አውቶቡስ መጠበቂያው የቆርቆሮ ጥላ ያለው አግዳሚ ነው። እሷ አልተቀመጠችም። ወዲያ ትሄዳለች፣ ወዲህ ትመለሳለች። እሱ ራቅ ብሎ ቆመ፤ እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ።

"ይቅር በይኝ" አላት።

"ለመስታወቱ?"

"ለሁሉም።"

"ሁሉም ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" ቆመች። "እኔ ደኅና ነው ብዬ ስጽፍ ሰው ልጆቹን ይዞ እዚያ ጣራ ሥር ይተኛል። አይደለም ስል አባትህን የሚያህል ሰው ከእናትህ አልጋ ይነሣል። በዓለም ላይ ያለኝ እሱ ነው። ቃሌ። አንተ የሰበርከው እሱን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! ብታውቅ 'አትሂጂ' ትለኝ ነበር። አንድ ቃል ናት። መሰላሉን ይዘህ ስትቆም እዚያው ጠብቄሃለሁ። ቦርሳዬን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት አላየህም? አንድ ቃል!"

"አንቺ የዳኛ ልጅ ነሽ።" መሬት ሊያይ ጀመረና ተወው። "ብትስቂብኝስ ብዬ ፈራሁ።"

"ከዚያ ግድግዳ ማስፈረስ ቀለለህ?"

አሰበበት። "ቀለለኝ" አለ።

እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እሷ አልሳቀችም። ይልቅ ድምፅዋ ተሰበረ።

"የሚያንገበግበኝ የአንተ አይደለም። የኔ ነው። ግንብ ሲንቀሳቀስ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ መሥመር ነው የሚሰነጥቀው። ያ ከመሃሉ ነበር የደቀቀው፤ ስብርባሪው መሬት ላይ ተበትኖ ነበር። ይሄን ተማሪ እያለሁ የማውቀው ነገር ነው። ሁሉን ሁለቴ የማይ ሰው ያን ቀን ሁለቴ አላየሁም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ደስ አለኛ!" ጮኸች። "የሰው ቤት ሊፈርስ ነው ብዬ ጽፌ፣ አባትህ ሰድበውኝ፣ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። እንደገና ልመጣ ነው ብዬ! እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ መሐንዲስ የተባለው!"

ልጁ ሊጠጋት አንድ እግሩን አነሣ። እጇን ዘርግታ ከለከለችው።

"አይሆንም። ዛሬውኑ ገዢው ዘንድ ሄጄ ተሳስቻለሁ እለዋለሁ። ያን መስታወት ለማየት ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይመጣል። እኔ ይሄን ቤት ሳይ ዓይኔ አይታመንም።"

"ሌላ ሰው?"

"ሌላ ሰው።"

በመንገዱ ጫፍ አውቶቡሱ ብቅ አለ። ልጁ ወደ አውቶቡሱ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ግንባሩ ላይ ላብ፣ ፀጉሩ ውስጥ ፍቅፋቂ እንጨት። ደንግጦ ዝም የሚልበት ሰዓት ነው ብዬ ልቤ ወደቀ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለ።

"የት?"

"ገዢው ዘንድ። የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺ አልተሳሳትሽም፣ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።"

"አንተ? ለእኔ አንድ ቃል ያልወጣህ ለማታውቀው ሰው ትናገራለህ?"

"እሱ ቢስቅብኝ ግድ የለኝም።"

 አውቶቡሱ አቧራውን አስቀድሞ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ።

"የሰበርኩት እኔ ነኝ ትለዋለህ" አለች፣ ቀስ ብላ። "ለምን ሰበርከው ቢልህስ?"

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በመስኮት የተደረደሩ ፊቶች ቁልቁል ያያሉ። አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸመች። ያ ከሦስት ሰው ፊት "እሺ" ለማለት የሚያልበው ልጅ፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየው፣

"ስለምወዳት፤ እንዳትቀርብኝ ብዬ፣ እለዋለሁ" አለ።

"እናንተ፣" አለ ረዳቱ፣ "ትገባላችሁ ወይስ ሠርጉ እዚሁ ነው?"

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ አየችው፤ በወስፌ እንደምትወጋው እንጨት፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር እየፈለገች። እሱ ዓይኑን አልሰበረም።

"ግባ" አለችው።

ግባ ስትለው ለስላሳነት የለውም፤ እንደ ትእዛዝ ነው። ገባ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ካፖርት ሳይደርብ፣ የት እንደሚያድር ሳያስብ ገባ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሳይነሣ በፊት መናገር ጀመረች። ጣቷን እያወዛወዘች፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ሳታቋርጥ። እሱ ፊቷን እያየ ይሰማታል።

ወንድሜ እያነከሰ የደረሰው አቧራው ሳይበርድ ነው። ያ አልታዘዝ ያለው ጉልበቱ እንዴት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ።

"ሄደች?" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ሄዱ።"

"እሱም?" መንገዱን አየ። "ቤት አፍራሽ ብያታለሁኮ። ይቅር በይኝ ልላት ነበር።"

"መንገዱ አልተዘጋም። ትላታለህ።"

"ታርቀው ነው የሄዱት?"

"እየተቆጣችው ነው የሄዱት።"

"በቃ፣ አለቀለት ልጄ።" ከዘራው ላይ ተደገፈ።

"አንተ ሞኝ!" አልኩት። "ሚስት አግብተህ ኖረህ ይሄ አይገባህም? ሴት ልጅ የተወችውን ሰው አጠገቧ አስቀምጣ አትቆጣም። የተወችውን ዝም ነው የምትለው።"

"ታዲያ ይመለሳሉ?"

"ይመለሳሉ።"

እንዲያ አልኩት፤ አፌ ደፋር ነው። ክንዴን ሰጥቼው እያዘገምን ወደ ቤት ተመለስን፣ እሱን አስቀመጥኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩት። ልቤን ፈለግሁት፤ ደረቴ ውስጥ የለም። ከሁለቱ ጋር ተሳፍሮ ሄዷል። እኔም የቀረውን ቀን ልብ የሌለው ገላዬን ይዤ፣ መንገድ መንገድ እያየሁ፣ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።